የሰፈራችሁ ስም ከየት መጣ? የቦታ ስምን አመጣጥ ደረጃ በደረጃ ማጣራት

ለገጣፎና ለገዳዲ የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነው። በኦሮምኛ «ለጋ» ወንዝ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ለገሀር ሲደርስም በዚያው ሒሳብ ይቀጥላል። «ይሄም የሆነ ወንዝ ስም ነበር ማለት ነው» ይላል። ያስኬዳል፤ ግን ስህተት ነው። ለገሀር የመጣው «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጣቢያ ሳይኖር ቦታው ለገሀር የሚባልበት ምክንያት አልነበረም።

ብዙ ሰው የቦታ ስም ሲያጣራ ከቃሉ ይነሳል። ቃሉን ይሰነጥቃል፣ ትርጉም ያወጣለታል፣ ከዚያ የሚስማማ ታሪክ ይፈልግለታል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ስሙ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ይታወቅ። ቀጥሎ መሬቱ ላይ ምን እንደነበረ ይታይ። ትርጉም መጨረሻ ይምጣ። ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃል፤ ግን ለገሀርን ወንዝ ከማድረግ ያድናል።

1. ትንሽ ስም ምረጡ

በጎንደር ወይም በሐረር አትጀምሩ። የትልልቅ ከተሞች ስም ብዙ ክርክር የተጫነበት ነው። ምሁሩም ፖለቲከኛውም የየራሱን ይዞ ይጠብቃችኋል። ይልቅ ድልድይ፣ ማዞሪያ፣ ጅረት፣ ጉብታ ወይም የገበያ ተራ ምረጡ። ስሙ ሲወጣ ያዩ፣ ወይም ካዩት የሰሙ ሰዎች ዛሬም ሊገኙ ይችላሉ። ደግሞም ማንም ስላልጻፈለት የምታገኙት ነገር አዲስ ይሆናል።

ወሰኑንም አብራችሁ ያዙ። ስም እየሰፋ ይሄዳል፤ መነሻው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነጥብ ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ ሕንጻ፣ አንድ የሹም ግቢ። ጉርድ ሾላ ዛሬ ሰፊ አካባቢ ነው፤ ስሙ የሚያወራው ግን ስለ ተቆረጠ ዛፍ ነው።

2. ስሙን በየመልኩ ሰብስቡ

አንድ ቦታ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ስም አለው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አለ፣ ወያላው የሚጣራው አለ፣ አዛውንቶች የሚሉት አለ። አራት ኪሎ ያለው አደባባይ ሚያዝያ 27 አደባባይ ነው፤ የስድስት ኪሎው የካቲት 12። የመጀመሪያው የ1933ቱን ድል፣ ሁለተኛው የ1929ኙን ጭፍጨፋ ያስታውሳሉ። «ሚያዝያ 27 ወራጅ አለ» ያለ ተሳፋሪ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱንም ጻፉ። የመንግሥት ስም ማን መታሰብ እንዳለበት ይናገራል፤ የታክሲው ስም ሕዝቡ በምን እንደሚለየው።

ከዚያ የቀድሞ ስም ፈልጉ። ይህ እርምጃ ሲዘለል ነው ሥራው የሚበላሸው። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብላ ነበር፤ አዳማ ናዝሬት፤ አምቦ ሀገረ ሕይወት። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ነበረች፤ ላሊበላ ሮሃ። አንዳንዴ የቀድሞው ስም ከከተማው ሲነሳ አንድ ተቋም ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ የተባለው ለዚህ ነው፤ ዋቸሞ የከተማዋ የቀድሞ ስም ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ፣ የእድርና የስፖርት ቡድን ስሞችን ቃኙ።

አጠራሩን በድምፅ ቅዱ እንጂ በፊደል ብቻ አትመኑ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብላችሁ ጻፉና በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ ከጽሑፉ ብቻ መለየት አይቻልም። የቦታ ስም ላይ ይህ ልዩነት ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ላይም ብዙ አትጨነቁ፤ ጸሐፊው በመሰለው የጻፈው ሊሆን ይችላል። የውጭ ሰዎች ካርታ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጣሊያኖች «ወ»ን በ«ኡ» ስለሚጽፉ ወሎን «ኡ» ብሎ በሚጀምር ቃል ታገኙታላችሁ። በ«ወ» ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» እንዳትሉ።

3. ዕድሜውን ገምቱ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። አዲስ አበባን ምሳሌ ላድርግ፤ ምክንያቱም ንብርብሩ በግልጽ ይታያል።

መጀመሪያ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት የነበሩት ስሞች አሉ። ፊንፊኔ ፍልውሃው ያለበት ነው። አሁን ጊዮርጊስ ያለበት አካባቢ ብርብርሳ ይባል ነበር፤ በኦሮምኛ ዝግባ ማለት ነው። የወንዞችና የኮረብታዎች ስም ብዙ ጊዜ ከዚህ ንብርብር ይወጣል። ወንዝ ስሙን ቶሎ አይለውጥም።

ሁለተኛው ንብርብር ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ነው። ምኒልክ ለየመኳንንቱ መሬት ሰጡ። እያንዳንዱ ከነጭፍራው ሰፈረ። «ሰፈር» የምንለው ቃል ራሱ ከዚህ «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የዚያ አሻራ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት። አብያተ ክርስቲያናትም ስም ሰጪዎች ናቸው፦ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ዑራኤል። በዚህ ንብርብር ውስጥ ያለ ስም ስታገኙ ጥያቄያችሁ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ሰውየው ማን ነበሩ፣ ግቢያቸውስ የቱ ጋ ነበር?» ይሆናል።

ሦስተኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያሉት አምስት ዓመታት ናቸው። አጭር ጊዜ ነው፤ ግን ስሞቹ አሁንም አፋችን ላይ አሉ። ፒያሳ አደባባይ፣ መርካቶ ገበያ ማለት ነው። ጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩ አዲሱ ገበያ መርካቶ ሆነ፤ አሮጌው ቦታ ፒያሳ። «አራዳ» ግን አልጠፋም፤ «የአራዳ ልጅ» ሆኖ ሰው ላይ ተረፈ። ፖፖላሬ «ካዜ ፖፖላሪ» ከሚለው ነው፤ የሕዝብ ቤቶች። ካዛንቺስ ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

ከነጻነት በኋላ የወዳጅ አገር ስሞች መጡ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ አደባባዩ ለዚያ ውለታ ነው። በሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ።

ከዚያ ቁጥር መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን መንግሥት የወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌዎችን ሲያቋቁም ብዙ ሰፈር በወረቀት ላይ «ቀበሌ 05» ሆኖ ቀረ። የዚያ ዘመን ሰነድ ስታነቡ የሰፈሩን ስም ላታገኙት ትችላላችሁ። የድሮውን ከፍተኛ (ብዙ ቀበሌዎችን የሚይዘው የዚያ ዘመን አስተዳደር) እና ቀበሌ ቁጥር ቀድማችሁ እወቁ። በ1995 ክፍለ ከተሞች ሲዋቀሩ ቁጥሮቹ እንደገና ተደበላልቀዋል።

የቅርቡ ንብርብር የድርጅትና የፕሮጀክት ነው። ሲኤምሲ የጣሊያን የግንባታ ኩባንያ ምህጻረ ቃል ነው። አንዳንዱ «ይሄ ምን ታሪክ አለው» ብሎ ይንቀዋል። የዛሬ መቶ ዓመት ግን ምህጻሩን የሚፈታ ሰው አይኖርም። ከካዛንቺስ የበለጠ እንቆቅልሽ ይሆናል።

እናንተ ያላችሁበት ከተማ የራሱ ንብርብር አለው። ድሬዳዋ ከባቡር ጀምሩ፤ ጎንደር ከነገሥታቱ ግቢ። አንድ ገጽ ላይ ከተማውን የቀየሩትን አራት አምስት ክስተቶች ከነዓመታቸው ጻፉና ስማችሁን የቱ ጋ እንደሚገባ ፈልጉ።

4. ሄዳችሁ እዩ

ስሙ ስለ መሬቱ የሆነ ነገር የሚናገር ከመሰላችሁ መሬቱ ይመስክር። «ጨፌ» ያለበት ስም ረግረግ ወይም ለምለም መስክ ይጠይቃል። «መልካ» ያለበት ወንዝ መሻገሪያ። ቦታው ደረቅ ዐለት ከሆነ ወይ ትርጉሙ ተስቷል፣ ወይ መሬቱ ተለውጧል።

ሁለተኛውን አትርሱ። ሰንጋ ተራ ላይ ዛሬ የባንክ ሕንጻ እንጂ ሰንጋ አታገኙም። የሐረማያ ሐይቅም ደርቆ ነበር፤ ስሙ ግን ሐይቅ መኖሩን መናገሩን አላቆመም። «አሁን የለም» ማለት «አልነበረም» ማለት አይደለም። ከተቻለ በክረምትም በበጋም እዩት። በበጋ አቧራ የሆነ ቦታ ሐምሌ ላይ ሌላ ነገር ነው።

5. ሰው ጠይቁ፤ ግን «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላችሁ አትጀምሩ

ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ ሰው ባያውቅም መልስ ይሰጣል። አዛውንት ደግሞ እንግዳን ባዶ እጁን መስደድ አይወዱም። በዙሪያው ግቡ፦

«አባባ፣ ልጅ ሳሉ እዚህ ጋ ምን ነበረ?»
«እማማ፣ ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር? ያ ቦታ ማን ይባላል?»
«ታቦቱ ሳይገባ በፊት ይሄን ቦታ እናትዎ ማን ይሉት ነበር?»
«ጋሼ፣ መንገዱ ሳይወጣ በየት ነበር የምትሄዱት?»

እንዲህ ሲጠየቁ ሰዎች ትዝታቸውን ያወራሉ እንጂ ማብራሪያ አይፈጥሩም። ስሞቹም ራሳቸው እየተንጠባጠቡ ይመጣሉ። የሚፈለገው እሱ ነው። በመጨረሻ ስለ ስሙ ጠይቁ፣ ወዲያው አስከትላችሁ ደግሞ «ይህን ከማን ሰሙት?» በሉ። ከአያታቸው ከሆነ ጥሩ። ከሬዲዮ ወይም ከቲክቶክ ከሆነ ምስክሩ ሬዲዮው ነው፤ እሳቸው አይደሉም። አምስት የአንድ እድር አባላት አንድ ዓይነት ታሪክ ቢነግሯችሁም አምስት ምስክር አልቆጠራችሁም፤ እርስ በርስ ሲያወሩት የኖሩት ሊሆን ይችላል። ከሌላ እምነት፣ ከሌላ ቋንቋ፣ ከሌላ ሥራ ሰው ፈልጉ። እረኛ፣ ነጋዴ፣ ቄስ፣ ሼህ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር ስለ አንድ ቦታ የሚያውቁት የተለያየ ነው።

አሁን ችኮላ የሚጠይቅ ነገር አለ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካዛንቺስ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። የሰፈሩን ስም የሚያውቁት ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ የሉም። የት ይገኛሉ? በየዓመቱ ንግሥ ላይ ወደ ድሮ ደብራቸው የሚመለሱ አሉ። እድሩም ሰዉ ቢበተን ብዙ ጊዜ አይፈርስም። የእድሩን ጸሐፊ ስልክ ካገኛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

አንዳንድ ስም ደግሞ ሰውን የሚያስከፋ ነው። በሙያ፣ በበሽታ ወይም በትውልድ ሰው የተሰደበበት ስም አለ። እዚያ ለሚኖር ሰው ይህ የጥናት ጉዳይ አይደለም። በጥንቃቄ ጠይቁ፤ ሳይፈቅዱላችሁም ድምፅ አትቅዱ።

6. ወረቀት ፈልጉ

ከቅርቡ ጀምሩ። የእድር መዝገብ፣ የድሮ የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ክርክር ፋይል። ሰው በመሬት ሲካሰስ ወሰኑን በስም ይጠራል፦ «በምሥራቅ እንትን ጅረት፣ በምዕራብ የእከሌ አጥር»። ለእኛ ሥራ የፍርድ ቤት ወረቀት ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይበልጣል። የደብሩ ጽሕፈት ቤትም ቤተ ክርስቲያኑ የተተከለበትን ዓመት ያውቃል። ስሙ የታቦቱ ከሆነ ዕድሜው ከዚያ አይበልጥም።

ከዚያ ካርታ። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች ትንንሽ ጅረትና ጉብታ ሳይቀር በስም ይዘዋል። የእናንተን ስም ብቻ አትፈልጉ፤ ጎረቤቶቹንም ጻፉ። ዙሪያው ሁሉ የዛፍ ስም ከሆነ የእናንተም ዛፍ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የቆየ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሉ። ግባችሁ ስሙ የተጠቀሰበትን ከሁሉ የቆየ ጽሑፍ ማግኘት ነው። ምን ማለት እንደሆነ ባይናገርም ችግር የለም። ዓመቱ ይበቃል።

7. አሁን ወደ ትርጉሙ

እዚህ ስትደርሱ ጊዜውን፣ መሬቱንና የቆየውን አጠራር ይዛችኋል። አሁን ቃሉን መሰንጠቅ ይቻላል።

የአካባቢውን ቋንቋዎች ሁሉ ግምት ውስጥ አስገቡ፤ ዛሬ የማይነገረውን ጭምር። በኦሮምኛ ቱሉ ተራራ ወይም ኮረብታ ነው፣ ቡርቃ ምንጭ፣ ሆራ ማዕድን ያለው ውሃ። ቱሉ ዲምቱ «ቀይ ኮረብታ» ነው፤ አዲስ አበባ ጫፍ ላይም አለ፣ ባሌ ተራሮች ላይም አለ። በትግርኛ «ማይ» ውሃ ነው፤ ማይጨው ጨዋማ ውሃ። «ዓዲ» መንደር፣ «እንዳ» የእከሌ ቤት፤ እንዳ ሥላሴ የሥላሴ ቤት። በሶማሊኛ ደገሃቡር «የድንጋይ ኮረብታ» ነው። ቀብሪ ደሃር ውስጥ ያለው «ቀብሪ» መቃብር ነው። በአፋርኛ «አሌ» ተራራ ነው፤ ኤርታ አሌ የሚጨሰው ተራራ።

ወጥመዱ አማርኛ የሚመስለው ነው። «መልካ ቁንጡሬ» ላይ ያለውን መልካ ከ«መልካም» ጋር የሚያገናኝ ሰው አይጠፋም። ዓለማያ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል፤ «ዓለም» ያለበት ይመስላል። ግን «ሐረማያ» የሚለው ስም በሌላ ሰው ጆሮ ሲሰማ ተለውጦ የወጣ አጠራር ነው፤ በኦሮምኛ «ሐሮ» ሐይቅ ነው። ጸሐፊ የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ወደሚያውቀው ይጎትተዋል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ጋ ስትሄዱ በጽሑፍ አታሳዩት፤ የቀዳችሁትን ድምፅ አሰሙት።

መንታ ስምም ፈልጉ። ኮምቦልቻ ወሎ አለች፣ ሐረርጌም አለች። የወሎዋን ብቻ የሚመለከት ታሪክ ቢነገራችሁ የሐረርጌዋን ማን ሰየማት? ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው። ዛፉ ሁለቱም ጋ ይበቅላል፤ አለቀ።

8. ታሪኩን ፈትኑት

«ንጉሡ በዚህ ሲያልፉ ደክሟቸው እንዲህ አሉ፣ ከዚያ ስሙ ቀረ።» ይህን ያልሰማ የለም። በየአገሩ ነገሥታት ሲያልፉ ቃል እየጣሉ ነው የሄዱት! ከንጉሥ ንግግር ወጣ የሚባል ስም ካጋጠማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ንጉሡ በዚያ ማለፋቸው ሌላ ቦታ ተጽፏል? ስሙ ከእሳቸው ዘመን በፊት ተጠቅሶ ያውቃል? ንግግሩ የዚያን ጊዜ የአካባቢው ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነው?

ሁሉም ተረት ነው ማለቴ አይደለም። ደብረ ብርሃንን እዩ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ ቦታውን እንደመሠረቱ ይነገራል። ዘርዓ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን፣ በ1456 እ.ኤ.አ.፣ ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ መታየቱ የታወቀ ነው። ይህ ብቻውን ታሪኩን አያረጋግጥም፤ ግን ከውጭ የሚመዘን ነገር አለው። ብዙ የስም ታሪክ ይህ እንኳ የለውም።

ሁለት ማብራሪያ እኩል ሲቆም አንዱን ለመግደል አትቸኩሉ። ስለ ድሬዳዋ አንዱ ወገን «ድሬ» ሜዳ ነው ይላል፣ በኦሮምኛ። ሌላው የሶማሌውን የድር ጎሳ ስም ያነሳል። ከተማዋ ደግሞ ባቡሩ ሐረር መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረች ናት፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ሁለቱንም ጻፉ፣ ማን እንደሚለው ጭምር። ስለ ማንነት የሚከራከር ሰው የእናንተን ወረቀት እንደ ማስረጃ ይዞ እንዳይወጣ የተባለውንና የተረጋገጠውን ለያዩ።

9. መዝግቡ

ካዛንቺስን እንዲህ አድርጌ እመዘግበው ነበር፦

ስም፦ ካዛንቺስ። ሌላ አጠራር፦ ካሳንቺስ።
ጊዜ፦ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ውስጥ።
መሬቱ ላይ የነበረው፦ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የተሠሩ ቤቶች።
አመጣጥ፦ «ካዜ» በጣሊያንኛ ቤቶች። «ኢንቺስ» የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ቃል። ካዜ ኢንቺስ፣ ካዛንቺስ።
እርግጠኝነት፦ የተረጋገጠ።

ለእርግጠኝነት ሦስት ደረጃ ይበቃል፦ የተረጋገጠ፣ የሚመስል፣ የሚነገር። የነገሯችሁን ሰዎች ዕድሜና አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የጠየቃችሁበትን ቀን፣ ቦታውን በስልካችሁ ካርታ ነጥብ አስገቡ። ነጥቡ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ግን «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚለው ማስታወሻ ለማንም አይጠቅምም።

አዲስ ማብራሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የድሮውን አታጥፉ፤ አዲሱን ከነቀኑ ከስሩ ጨምሩ። አንድ ቅጂ ለእድሩ፣ አንድ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡ። በስልክ ብቻ የተቀመጠ የድምፅ ቅጂ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳልና ሌላ ቦታም አስቀምጡት።